ምዕራፍ ስምንት፤ የኤሌክትሮኖች ጉርብትና

ሀ. የመግቢያ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በክፍል ውስጥ ተወያዩ።

1. እርሳስ በወረቀት ላይ ሲሄድ ጥቁር ምልክት የሚተወው ለምንድን ነው?
2. በዓይን ሊታይ የማይችልን ነገር ቅርጹን ለማወቅ ምን ዓይነት ዘዴ መጠቀም ይቻላል?
3. አንድ ሰው ብቻውን ሲሄድና በገበያ ግርግር መካከል ሲሄድ አረማመዱ የሚለያየው ለምንድን ነው?

ለ. ምንባብ

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በተለምዶ እርሳስ እያልን የምንጠራው የጽሕፈት መሣሪያ በውስጡ እርሳስ የሚባለው ብረት የለበትም። በእንጨቱ መካከል ያለው ጥቁር ልብ ግራፋይት ከሚባል ማዕድንና ከሸክላ ዐፈር ተቀላቅሎ የተሠራ ነው። ንጹሕ ግራፋይት ደግሞ ካርቦን ከሚባለው ንጥረ ነገር በስተቀር ሌላ ነገር የለበትም። የካርቦኑ አቶሞች በመሶብ ውስጥ እንደ ተነባበረ እንጀራ በንጣፍ በንጣፍ ሆነው ይገኛሉ። በአንዱ ንጣፍ ውስጥ ያሉት አቶሞች እርስ በርሳቸው እጅግ ጠብቀው የተያያዙ ሲሆኑ፣ አንዱን ንጣፍ ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ኃይል ግን ደካማ ነው። እርሳስ ሊጽፍ የቻለውም ንጣፎቹ በቀላሉ እየተላቀቁ በወረቀቱ ላይ ስለሚቀሩ ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር በሆነ ግራፋይት ውስጥ 3 ሚሊዮን ያህል ንጣፎች ይገኛሉ። ከእነዚህ ንጣፎች አንዱ ብቻውን ተነጥሎ ሲወጣ ግራፊን ይባላል።

የግራፊን አሠራር የማር እንጀራን ይመስላል። ንብ በሰም የምትሠራቸው ቤቶች ባለ ስድስት ማዕዘን እንደ ሆኑ ሁሉ፣ የካርቦን አቶሞችም በባለ ስድስት ማዕዘን ቅርጾች ማዕዘን ላይ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ አቶም ሦስት ጎረቤቶች አሉት፤ ከእያንዳንዱም ጎረቤት 0.142 ናኖሜትር ይርቃል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የካርቦን አቶም በውጭኛው ክፍሉ አራት ኤሌክትሮኖች አሉት። ከእነዚህም ሦስቱ አቶሙን ከሦስቱ ጎረቤቶቹ ጋር የማሰር ተግባር አላቸው። አራተኛው ግን በአንድ አቶም ሳይወሰን በንጣፉ ሁሉ ላይ ይዘዋወራል። በግራፊን ውስጥ የኤሌክትሪክ ኮረንቲ የሚያልፈው በእነዚህ ተዘዋዋሪ ኤሌክትሮኖች አማካይነት ነው። የምንባባችንም ጉዳይ እነዚሁ ናቸው።

ስለ እነዚህ ኤሌክትሮኖች ጠባይ የመጀመሪያው ስሌት የተሠራው በ1947 ነው። ስሌቱን የሠራው በካናዳ አገር ይኖር የነበረ ፊሊፕ ዋላስ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። የዋላስ ዓላማ የግራፋይትን ጠባይ ማወቅ ስለ ነበረ፣ ሥራውን ለማቃለል በመጀመሪያ አንዱን ንጣፍ ብቻ ወስዶ አሰላ። ከስሌቱም አንድ እንግዳ ነገር ተገኘ። ይኸውም በግራፊን ውስጥ የሚገኙ ኤሌክትሮኖች ኢነርጂያቸው ቢበዛም ቢያንስም በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚጓዙ መሆናቸው ነው። ይህም ፍጥነት በሰከንድ 1 ሚሊዮን ሜትር ያህል፣ ማለትም የብርሃን ፍጥነት ሦስት መቶኛ ግድም ነው። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ በሚያጣብቅ ፕላስተር አማካይነት ግራፊንን ከግራፋይት ነጥለው ማውጣታቸውንና ጠባዩን መመርመራቸውን በ2004 አስታወቁ። ለዚህም ሥራቸው በ2010 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች የዋላስ ስሌት በአብዛኛው ትክክል መሆኑን አረጋገጡ።

ይሁን እንጂ ይህ መስማማት ራሱ ሌላ ጥያቄ አስነሣ። ዋላስ ሲያሰላ እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ብቻውን እንደሚጓዝ አድርጎ ነበር የቈጠረው። ነገር ግን ኤሌክትሮኖች ሁሉ አሉታዊ ሙል ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። አንዱ በሌላው ላይ የሚያደርገው እንዲህ ያለው ተጽዕኖ መስተጋብር ይባላል። የመስተጋብሩን ብርታት ለመገመት የፊዚክስ ሊቃውንት የኤሌክትሪክን ኃይል ከፍጥነት ጋር የሚያነጻጽር አንድ ቍጥር አላቸው። ለብርሃን ፍጥነት ሲሰላ ይህ ቍጥር 1/137 ያህል፣ ማለትም በጣም ትንሽ ነው። በግራፊን ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ ከብርሃን 300 ጊዜ ያህል ስለሚዘገዩ ቍጥሩ በዚያው መጠን ከፍ ብሎ 2.2 ያህል ይሆናል። ይህን ያህል የሚገፋፉ ኤሌክትሮኖች ጎረቤት እንደሌላቸው መስለው የታዩት እንዴት ነው? በብዙ ሺህ ሕዝብ በተጨናነቀ ገበያ ውስጥ ማንም ማንንም ሳይነካ ሲያልፍ ብናይ እንደምንደነቅ ሁሉ፣ ተመራማሪዎቹም በዚህ ነገር ተደነቁ።

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ሁለቱን እንመልከት። አንደኛው፣ ግራፊን ብዙውን ጊዜ በሌላ ነገር ላይ ተነጥፎ ስለሚጠና፣ ከሥሩ ያለው ነገር በኤሌክትሮኖቹ መካከል ያለውን መገፋፋት ያለዝበዋል። ሁለተኛው፣ በሌሎች ብዙ ቁሶች ውስጥ ኤሌክትሮኖች እየሳሱ ሲሄዱ የመገፋፋቱ ኢነርጂ ከእንቅስቃሴያቸው ኢነርጂ እየበለጠ ይሄዳል፤ በግራፊን ውስጥ ግን ሁለቱ እኩል ስለሚቀንሱ ሚዛኑ አይዛባም። በመሆኑም መስተጋብሩ ቢኖርም ተሸሽጎ ይቀራል። የማንችስተር ተመራማሪዎች ይህን ለመፈተሽ ግራፊንን ከሥሩ ምንም ነገር ሳይነካው ወጥረው ለኩትና ውጤቱን በ2011 አስታወቁ። የኤሌክትሮኖቹ ብዛት እጅግ ባነሰ ጊዜ ፍጥነታቸው በሰከንድ ወደ 3 ሚሊዮን ሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ። ዋላስ የማይለወጥ ያደረገው ፍጥነት በጎረቤት ምክንያት ሲለወጥ ታየ ማለት ነው።

ይህ ልኬት ግን የንጣፉን ጠቅላላ ጠባይ እንጂ በአንዱ ቦታ ላይ የሚሆነውን አያሳይም። በአንዲት ነጥብ ላይ ያለውን የኤሌክትሮኖች ሁኔታ ለማወቅ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህንንም መሣሪያ ጌርት ቢኒክና ሃይንሪኽ ሮረር በስዊዘርላንድ አገር በዙሪክ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የአይ.ቢ.ኤም. ቤተ ሙከራ በ1981 ሠሩት። በ1986ም የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑበት። ስሙ ማይክሮስኮፕ ይባል እንጂ እንደ ሌሎቹ ማይክሮስኮፖች በብርሃንና በመስተዋት አይሠራም። ይልቁንም ዐይነ ሥውር መንገዱን በበትሩ እየዳሰሰ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ይህም መሣሪያ የሚመረመረውን ነገር ገጽ በመርፌ ይዳስሳል። የመርፌው ጫፍ እስከ አንድ አቶም ድረስ የቀጠነ ነው። ሆኖም መርፌው ገጹን አይነካም፤ በመካከላቸው ከ1 ናኖሜትር የማይበልጥ ክፍት ቦታ ይቀራል። በዕለት ተዕለት ልምዳችን ኮረንቲ ባዶ ቦታን አይሻገርም። ክፍተቱ ይህን ያህል ሲጠብ ግን ጥቂት ኤሌክትሮኖች አጥር ሾልኮ እንደሚያልፍ ሰው ወደ ማዶ ያልፋሉ። ተመራማሪዎች ይህን ድርጊት ተነሊንግ ይሉታል፤ እኛም መሹለክ ልንለው እንችላለን።

የሚሾልከው ኮረንቲ ርቀትን አጥብቆ ያውቃል። መርፌው በ0.1 ናኖሜትር ብቻ ከፍ ቢል ኮረንቲው ወደ አንድ ዐሥረኛ ግድም ይወርዳል። ስለዚህ ኮረንቲው እንዳይለወጥ መርፌውን ከፍና ዝቅ በማድረግ የገጹን ወጣ ገባነት አቶም በአቶም መመዝገብ ይቻላል። ከዚህም ሌላ መሣሪያው ሁለተኛ አገልግሎት አለው። መርፌውን በአንድ ቦታ አቁሞ ቮልቴጁን ጥቂት በጥቂት መለወጥና ኮረንቲው በምን ያህል እንደሚለወጥ መለካት ይቻላል። ይህም በዚያ ቦታ ላይ በየኢነርጂው ደረጃ ለኤሌክትሮኖች ስንት ‹‹መቀመጫ›› እንዳለ ይናገራል። ግራፊን በዚህ ዘዴ ሲመረመር የመቀመጫዎቹ ብዛት ሸለቆ የሚመስል ሥዕል ይሰጣል፤ ከአንድ ዝቅተኛ ነጥብ ተነሥቶ በግራና በቀኝ በቀጥታ ይጨምራል። ይህም ከዋላስ ስሌት ጋር ይስማማል።

የመስተጋብሩ ብርታት በዚህ መሣሪያ አማካይነት ከታየባቸው ምርመራዎች አንዱ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የተደረገው ነው። የአቶም እምብርት ሙል እጅግ ቢበዛ ኤሌክትሮኑ ወደ እምብርቱ እየተሳበ እንደሚወድቅ አስቀድሞ በስሌት ታውቆ ነበር። ነገር ግን ለዚህ 170 ያህል ፕሮቶን ያለው እምብርት ያስፈልጋል። እስካሁን ከታወቁት ንጥረ ነገሮች ሁሉ ከባዱ ግን 118 ፕሮቶን ብቻ ነው ያለው። በግራፊን ውስጥ መስተጋብሩ ብርቱ ስለ ሆነ ጥቂት ሙል ይበቃል። ተመራማሪዎቹ የካልሲየም አቶም ጥንዶችን በመርፌው እየገፉ እስከ አምስት ጥንድ አንድ ላይ ሰበሰቡ። በተሰበሰቡትም ጥንዶች ዙሪያ ኤሌክትሮኖች በስሌቱ እንደ ተነገረው ሲከማቹ በሥዕሉ ላይ ታየ። ይህም በ2013 ለንባብ በቃ።

እዚህ ላይ ግን የተመረመረው ኤሌክትሮን ከባዕድ አቶም ጋር ያለው መስተጋብር ነበር። ኤሌክትሮን ከኤሌክትሮን ጋር ያለውን መስተጋብር አጉልቶ ለማየት የእንቅስቃሴያቸውን ኢነርጂ መቀነስ ያስፈልጋል፤ መንቀሳቀሳቸው ሲዘገይ መገፋፋታቸው ያይላልና። ለዚህ የሚሆን ዘዴ ከሁለት የግራፊን ንጣፎች መደራረብ ተገኘ። ሁለት ነጠላዎች ተደርበው ወደ ብርሃን ሲታዩ፣ ክሮቻቸው በትክክል ካልተገጣጠሙ፣ በአንዳቸውም ላይ የሌለ ማዕበል መሰል ሰፊ መስመር ይታያል። ሁለት የግራፊን ንጣፎችም አንዱ በሌላው ላይ ጥቂት ዞር ብሎ ሲነጠፍ እንዲሁ ይሆናል። መዞሩ 1.1 ዲግሪ ሲሆን ሥዕሉ በየ13 ናኖሜትሩ ይደጋገማል፤ በአንዱ ድግግሞሽ ውስጥም ከ10 ሺህ የሚበልጡ አቶሞች ይገኛሉ። ራፊ ቢስትሪትዘርና አለን ማክዶናልድ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሆነው፣ በዚህ ማዕዘን ላይ ኤሌክትሮኖቹ ለመቆም እስኪቃረቡ ድረስ እንደሚዘገዩ በ2011 በስሌት አሳዩ።

በ2018 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪ የሆነው ፓብሎ ሃሪዮ-ኤሬሮ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህን ቁስ ሠርቶ መለካቱን አስታወቀ። ውጤቱ ዓለምን አስገረመ። በአንድ በኩል፣ ለዘገዩት ኤሌክትሮኖች ከተዘጋጁት መቀመጫዎች ግማሾቹ ሲያዙ ኮረንቲው ቆመ። በሌላ በኩል፣ የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ከዚያ በጥቂቱ ሲለወጥና ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 271 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ ኮረንቲው ያለ አንዳች ተቃውሞ አለፈ። ግማሽ አዳራሽ ባዶ ሆኖ ሳለ ማንም መንቀሳቀስ ካልቻለ፣ የሚከለክለው ነገር መኖር አለበት። ይህ ከልካይ የጎረቤት መገፋፋት ነውን?

በ2019 አራት የምርምር ቡድኖች ይህን ጥያቄ በመርፌው ማይክሮስኮፕ መረመሩ። እነርሱም የኮሎምቢያ፣ የፕሪንስተንና የራትገርስ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁም የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ናቸው። ከንጣፎቹ ሥር ባለ አስተላላፊ ላይ ቮልቴጅ እያደረጉ የኤሌክትሮኖቹን ብዛት ጨመሩ፤ ቀነሱም። መቀመጫዎቹ ሁሉ ሲሞሉ ወይም ሁሉም ባዶ ሲሆኑ በሥዕሉ ላይ ሁለት ሹል ኮረብታዎች ታዩ። ይህም ብዙ መቀመጫዎች በጠባብ የኢነርጂ ደረጃ ላይ መከማቸታቸውን ያመለክታል። መቀመጫዎቹ በከፊል ሲያዙ ግን ኮረብታው ሰፋ፤ ተከፈለም። ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ ባይገፋፉ ኖሮ፣ የተቀመጡት ሲበዙ ኮረብታዎቹ ቦታቸውን ይለውጡ ይሆናል እንጂ ቅርጻቸው ይህን ያህል አይለወጥም ነበር። በአዳራሽ ውስጥ ያለው የመቀመጫ አቀማመጥ በተቀመጠው ሰው ብዛት ተለወጠ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ኤሌክትሮን የሚይዘው ቦታ ሌሎቹ ከያዙት ቦታ ተነጥሎ ሊታወቅ እንደማይችል በግልጽ ታየ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። በተደራረቡት ንጣፎች ላይ አዲስ ንጥረ ነገር አልተጨመረባቸውም፤ በእርሳሳችን ውስጥ ያለው ያው ካርቦን ነው። የአንድ ዲግሪ ያህል መዞር ብቻ ተሸሽጎ የነበረውን መስተጋብር ገለጠው። ቢሆንም የዋላስ ስሌት ሐሰት ሆኗል አይባልም። ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ ነጥሎ መቍጠር የሚበቃበት ቦታ አለ፤ የማይበቃበትም ቦታ አለ። የምርምር ሥራ ትልቁ ክፍል በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር ማወቅ ነው። እርስ በርስ የሚገፋፉ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ያለ ተቃውሞ እንዲያልፉ የሚያደርጋቸው ምን እንደ ሆነ ገና ስምምነት ላይ ያልተደረሰበት ጥያቄ ነው። ይህም ከእናንተ መካከል ፊዚክስን ለሚመርጡ የተተወ ሥራ ነው።

ሐ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የተሰጣቸውን ፍቺ አጥኑ። ከዚያም እያንዳንዱን ቃል በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር አግቡ።

ተነባበረ፦ አንዱ በሌላው ላይ ሆነ፤ ተደራረበ
መስተጋብር፦ አንዱ በሌላው ላይ የሚያደርገው ተጽዕኖ
አለዘበ፦ ኃይሉን ቀነሰ፤ አበረደ
ወጠረ፦ ጫፍና ጫፉን ይዞ ዘረጋ
ሾለከ፦ በጠባብ ቦታ አልፎ ወጣ
አስተላላፊ፦ ኮረንቲ የሚያልፍበት ነገር
እምብርት፦ የአቶም መካከለኛ ክፍል

መ. የምንባብ ጥያቄዎች

1. ግራፋይትና ግራፊን በምን ይለያያሉ?
2. ከአራቱ የካርቦን የውጭ ኤሌክትሮኖች ኮረንቲ የሚያሳልፈው የትኛው ነው? ምክንያቱን አስረዱ።
3. ዋላስ ስሌቱን ሲሠራ ቸል ያለው ነገር ምንድን ነው?
4. በግራፊን ውስጥ መስተጋብሩ ተሸሽጎ የሚቀርባቸውን ሁለት ምክንያቶች ግለጹ።
5. የመርፌው ማይክሮስኮፕ ሁለት አገልግሎቶች ምንና ምን ናቸው?
6. በ2019 የታየው የኮረብታዎቹ መስፋትና መከፈል ስለ ኤሌክትሮኖች ጉርብትና ምን ያስረዳል?
7. ‹‹የዋላስ ስሌት ሐሰት ሆኗል አይባልም›› የተባለው ለምንድን ነው?

ሠ. ሰዋስው

‹‹ኤሌክትሮኖቹ ባይገፋፉ ኖሮ ቅርጻቸው አይለወጥም ነበር›› የሚለው ዐረፍተ ነገር ያልሆነን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ በመውሰድ ውጤቱን ያመለክታል። በእንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር በጥገኛው ሐረግ ‹‹ቢ... ኖሮ›› ወይም ‹‹ባይ... ኖሮ››፣ በዋናው ሐረግ ደግሞ ‹‹ነበር›› ይገባል። በዚህ ሥርዓት መሠረት የሚከተሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች እያጣመራችሁ ጻፉ።

ምሳሌ፦ ንጣፎቹ ይላቀቃሉ። እርሳስ ይጽፋል።
ንጣፎቹ ባይላቀቁ ኖሮ እርሳስ አይጽፍም ነበር።

1. ክፍተቱ ጠባብ ነው። ኤሌክትሮኖች ይሾልካሉ።
2. ንጣፉ ዞሯል። ኤሌክትሮኖቹ ዘግይተዋል።
3. መርፌው ቀጭን ነው። አቶሞቹ ተለይተው ታዩ።

ረ. ጽሕፈት

አንድ ነገር ብቻውን ሲሆን የሌለው፣ ከብዙ መሰሎቹ ጋር ሲሆን ግን የሚያሳየው ጠባይ ይኖራል። ከአካባቢያችሁ አንድ ምሳሌ መርጣችሁ፣ ለምሳሌ ስለ ንብ መንጋ፣ ስለ ጤፍ ክምር ወይም ስለ ገበያ ሕዝብ፣ በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ አንዱን ነጥላችሁ ግለጹ፤ በሁለተኛው ብዙዎቹን በአንድነት ግለጹ፤ በሦስተኛው ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ አስረዱ።